«ፎርሚደብል» ተባልኩ፤ ሙገሳ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?

ቁጥር ወዳዷ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት ነሳኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

የምሠራው የመረጃ ትንተና ነው። የቡድናችን አባላት የተለያየ አገር ስላሉ የምንገናኘው በኢንተርኔት ነው፤ የሥራ ቋንቋችንም እንግሊዝኛ ነው። ሰሞኑን ዓመታዊ ግምገማዬ ደረሰኝ። አለቃዬ ስለ እኔ ከጻፈችው ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሺ ኢዝ ኤ ፎርሚደብል አናሊስት።»

አናሊስቱን አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። ፎርሚደብልን ግን ስልኬ ላይ ካለው መዝገበ ቃላት ፈለግሁት። «አስፈሪ» አለኝ። ሌላ ከፈትኩ። «አስፈሪ፣ አስደንጋጭ፣ አስቸጋሪ» አለኝ። ስልኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ይህን ያህል የረበሸኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ስብሰባ ላይ የሆነ ነገር ነበር። አንድ ባልደረባዬ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሲያቀርብ አንዱ ድምር አልጥም አለኝ። የተመለሱ ዕቃዎች ሁለት ጊዜ የተቆጠሩ መሰለኝ። ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። መልሱ ስላላሳመነኝ ደገምኩ። ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም ጸጥ አለ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፣ ክፉ ቃልም አልወጣኝም። ስህተቱም እውነት ሆኖ ተገኘና በማግስቱ ታረመ። ያ ጸጥታ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አሁን «አስፈሪ» የሚለውን ሳይ፣ አለቃዬ ያን ቀን አስታውሳ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ቃሉ ምንድን ነው? ሰው ሲባል ሙገሳ ነው ወቀሳ? በአማርኛስ ምን ልበለው? እስከ ሐሙስ መልስ መጻፍ አለብኝ። ምስጋና ይሁን ይቅርታ ሳላውቅ መጻፍ አልፈልግም።

ሜዳ ዳር

እህቴ፣ ሙገሳ ነው። እንኳን ደስ አለሽ።

ኳስ በእንግሊዝኛ የምከታተል ሰው ነኝ። ከጨዋታ በፊት አሠልጣኞች ስለ ተጋጣሚያቸው ሲናገሩ ይህን ቃል ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ተጋጣሚው ፎርሚደብል ነው ሲሉ «የዋዛ አይደሉም፣ ተጠንቅቀን ነው የምንገባው» ማለታቸው ነው። ስለ ደካማ ቡድን እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አንቺንም «የዋዛ ተንታኝ አይደለችም» ነው ያለችሽ። ሐሙስ ምስጋና ጻፊ።

አሮጌው ተርጓሚ

ልጄ ብልሽ አይክፋሽ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ኖሬያለሁ። ይህ ቃል ካስቸገሩኝ አንዱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ መዝገበ ቃላትሽን አትውቀሺው። ሥሩን ይዟል። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። ፎርሚዶ ማለት ድንጋጤ፣ ብርቱ ፍርሃት ነው። ፎርሚዳሬ መፍራት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ15ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ፍርሃት በውስጡ አለ።

ነገር ግን መጨረሻው ላይ ያለችውን «‑ኤብል» ተመልከቻት። ሪደብል ሲሉ የሚነበብ ማለት ነው። ፎርሚደብልም በአሠራሩ «የሚፈራ» ነው፤ ሰዎች የሚፈሩት። በአማርኛ ስንጽፈው ደግሞ ችግር አለ። «የሚፈራ» ላልቶ ሲነበብ ፈሪው ነው። «ፈ» እና «ራ» ጠብቀው ሲነበቡ ግን ሌሎች የሚፈሩት ሰው ነው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ ወረቀት ላይ አንድ ይሆናሉ። እኔም በዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ «አስፈሪ»ን መርጬ ተሳስቻለሁ። አስፈሪ ማለት እኮ ማስፈራቱን የሚሠራ ነው፣ ጥርሱን የሚያሳይ። የሚፈራ ሰው ግን ምንም አላደረገ ይሆናል። ቁጭ ብሎ ሥራውን እየሠራ ነው። ሌላው ነው አቅሙን አይቶ የሚጠነቀቀው።

አንቺ በዚያ ስብሰባ ላይ ድምፅሽን አላነሣሽም። ሦስት ጥያቄ ጠየቅሽ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ቃሉ የተሠራው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ለእኛ ደግሞ በጣም የሚቀርበን ነገር አለ። «ታፍሮ ተከብሮ ኖረ» እንላለን አይደል? የታፈረ የተከበረ። መታፈር ራሱ ትንሽ ፍርሃት አለበት፤ ሰው ፊትሽ ሲቆም ቃሉን ይመርጣል። መከበሩ ደግሞ ከጎኑ አለ። ፎርሚደብል እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቃል ይዟል። ሁለተኛው «ግርማ» ነው። ግርማ ያለው ሰው ሲገባ ቤቱ ዝም ይላል። እስካሁን አልተቆጣም፣ ምናልባትም አይቆጣም።

ግርማን ካነሣሁ «ግሩም»ን ሳላነሣ አላልፍም። ዛሬ ግሩም ማለት በጣም ጥሩ ማለት ነው፤ ግሩም ሐሳብ፣ ግሩም ሥራ እንላለን። በግእዝ ግን ገረመ ማለት አስፈራ፣ አስደነቀ ነው። ግሩምም የሚያስፈራው፣ የሚያስደንቀው ነው። የፍርሃት ቃል ቀስ በቀስ የአድናቆት ቃል ሆነ። ይህን ያህል የራሳችን ምሳሌ እያለን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፍርሃትንና አድናቆትን አብሮ መያዙ ሊገርመን አይገባም። ልዩነቱ አንድ ነው። የእኛ ግሩም ፍርሃቱን ጥሎት መጥቷል፣ የእነሱ ፎርሚደብል ገና አልጣለውም።

ለማስረዳት ሁልጊዜ መርከቦቹን አነሣለሁ። በ1759 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በኪበሮን ባሕረ ሰላጤ ጦርነት 80 መድፍ የተጠመደበት የፈረንሳይ መርከብ ማረኩ። ስሙ ይኸው ቃል ነበር። መርከቡን ከነስሙ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስሙን ለሌሎች መርከቦቹም ደጋግሞ ሰጥቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበረው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በ1941 በማታፓን ጦርነት ተካፍሏል። በ1945 ደግሞ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን መድረኩ ላይ ወድቆበት በሰዓታት ውስጥ አውሮፕላን ወደ መቀበል ተመልሷል። ሰው የራሱን መርከብ በስድብ አይሰይምም። ጠላት ስሙን ሲሰማ እንዲያመነታ ነው የሚፈልገው።

የሩሲያው ኢቫን 4ኛም አለ፣ በ1547 ዛር ተብሎ ዘውድ የጫነው። እንግሊዞች «ዘ ቴሪብል» ይሉታል። የሩሲያኛው ቅጽል ግሮዝኒ ነው። ትርጉሙ ከ«መጥፎ» ይልቅ ለፎርሚደብል የሚቀርብ ነው፤ ግርማው የሚያስፈራ፣ የማይደፈር። እንግሊዝኛው ሲሠራ ቴሪብልም ይህንኑ ነበር የሚለው። በኋላ ግን ቴሪብል ወደ መጥፎነት ወረደ። ከዚያው ሥር የወጣው ቴሪፊክ ደግሞ «በጣም ጥሩ» ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። ፎርሚደብል በመካከላቸው ቆሞ ቀረ። ሰው የሚምታታበትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። አንድ ቃል ይዘሽ ሁሉም ቦታ ልትጠቀሚ አትችዪም፤ ከኋላው የሚመጣው ስም ነው የሚወስነው። ተጋጣሚ ከሆነ ሜዳ ዳር ያለው ልክ ነው፣ «የዋዛ ያልሆነ» ወይም «የማይናቅ»። ሥራ ከሆነ «ከባድ» በቂ ነው። እንቅፋት ከሆነ «በቀላሉ የማይታለፍ»። አንድ ጊዜ ስለ ድልድይ ግንባታ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ «አስፈሪ ሥራ ገጠማቸው» ብዬ ጻፍኩ። አርታዒዬ በቀይ ሰርዞ «ማን ነው የፈራው?» ብሎ ከጎኑ ጻፈበት። እስካሁን ያ ጥያቄ ይጠቅመኛል። ፈሪው ከሌለ «አስፈሪ» አይገባም።

ባለሙያ ከሆነ ግን ጥሩ ነገር አለን፦ «አንቱ የተባለ»። የአንቺን ዓረፍተ ነገር ብተረጉመው «አንቱ የተባለች ተንታኝ ናት» እለዋለሁ። አንቱታም ያው መፈራትና መከበር አንድ ላይ ነው።

ከጎረቤቶቹ ጋር እንዳታምታቺው ደግሞ ይህን ያዢ። ኢንቲሚዴቲንግ ሌላ ነው። እሱ የሚያሸማቅቅ ነው። ስሜቱ ያለው በሚያየው ሰው ልብ ውስጥ ነው፤ ምንም አቅም የሌለው ሰውም በጩኸት ብቻ ሊያሸማቅቅሽ ይችላል። ፎርሚደብል ለመባል ግን እውነተኛ ጉልበት ያስፈልጋል፤ የእጅ፣ የአእምሮ ወይም የቁጥር። ዶንቲንግ ደግሞ በአብዛኛው ለሥራና ለጉዞ ነው፤ ገና ሳትጀምሪው ወኔ የሚሰልብ። አለቃሽ ኢንቲሚዴቲንግ ብላሽ ቢሆን ኖሮ እኔም እጨነቅ ነበር።

አነባበቡ ላይ፣ ጉልበቱን «ፎር» ላይ አድርጊው። አንዳንድ እንግሊዞች «ሚድ» ላይ ያጠብቁታል፣ ትሰሚያለሽ። የመጀመሪያውን ብትይዢ ግን የትም አትቸገሪም።

ሁለት ቋንቋ

ጋሼ ስለ ሥሩ የጻፉትን በጣም ወድጄዋለሁ። እኔ ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር።

በፈረንሳይኛ ይኸው ቃል በተመሳሳይ ፊደል ይጻፋል፣ ንባቡ «ፎርሚዳብል» ነው። ትርጉሙ ግን ዛሬ በንግግር ውስጥ «በጣም ጥሩ፣ ግሩም» ሆኗል። ጓደኛህ ዕረፍቱ እንዴት እንደነበር ስትጠይቀው «ፎርሚዳብል!» ሊልህ ይችላል። ምንም የሚፈራ ነገር የለበትም። ማለትም ፈረንሳይኛው የእኛን ግሩም መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዶታል።

ተማሪዎቼ ግን ይህን ይዘው እንግሊዝኛ ላይ ሲሄዱ ይወድቃሉ። ዕረፍቴ ፎርሚደብል ነበር ብለህ በእንግሊዝኛ ብትጽፍ፣ አንባቢው ተራራ ስትወጣ ከርመህ የተመለስክ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛ ቃሉ ሊገጥሙት ወይም ሊሻገሩት የሚከብድ ነገር ይፈልጋል። ለመልካም የአየር ሁኔታ፣ ለቆንጆ ልብስ፣ ለጥሩ ዜና አይሆንም።

ስለዚህ ለጠያቂዋ አንድ ጥያቄ አለኝ። አለቃሽ አፏን የፈታችው በፈረንሳይኛ ነው? ከሆነ «ግሩም ተንታኝ» ብላሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥተኛዋ

ሁላችሁም ሙገሳ ነው ብላችሁ አለፋችሁ። እኔ በከፊል ነው የምስማማው።

በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ቃል ቁጠሩት እስቲ። ፎርሚደብል አክስት፣ ፎርሚደብል አያት፣ ፎርሚደብል ርእሰ መምህርት። ፊቷ የማትስቅ፣ ቃሏ የማይታጠፍ፣ ልጆች ከደረጃ ላይ ሲያዩዋት የሚሸሿት ሴት ናት። ወንድ ሲሆን ብዙ ጊዜ ተቃዋሚ ነው፣ ጠበቃ ነው፣ ተፎካካሪ ነው፤ በችሎታው ነው የሚባለው። ሴት ስትሆን ግን ቃሉ ወደ ጠባይዋ ያዘነብላል። እኔ ራሴ በሥራ ቦታ ተብያለሁ። ያለኝ ሰው ፈገግ ብሎ ነበር ያለው፤ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አልጠራኝም። ስለዚህ እህቴ፣ ደስ ይበልሽ፣ ግን ዓይንሽን ክፈቺ።

አሮጌው ተርጓሚ

ቀጥተኛዋ ያለችው እውነት ነው፤ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንድ የሕይወት ታሪክ ስተረጉም «ኤ ፎርሚደብል ዉመን» የሚል ገጠመኝ። ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ «ፊቷ በቀላሉ የማይቆሙባት ሴት» አልኩት። ሙገሳም ወቀሳም እንዳይወጣ ነው፤ እንግሊዝኛውም ሁለቱንም ነበር የያዘው።

እኔ የምለየው በስሙ ነው። ቃሉ ሙያ ላይ ካረፈ፣ ማለትም ተንታኝ፣ ተደራዳሪ፣ አእምሮ ላይ፣ የሚለካው ችሎታ ነው። «ሴት» ወይም «አክስት» ላይ ካረፈ ጠባይ ነው። የዚች ልጅ ተንታኝ ላይ ነው ያረፈው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አይቶ መፍረድ ለተርጓሚ ነውር ነው። ልጄ፣ ከኋላው ምን ይላል?

ቁጥር ወዳዷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼን። «ማን ነው የፈራው» የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አለቃዬ አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ የፈረንሳይኛው መንገድ ተዘጋ። ከኋላው ያለውን መጀመሪያ ያልጻፍኩት ከቃሉ ጋር ይገናኛል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። አሁን ሳየው ግን ይገናኛል። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «በእሷ እጅ ያለፈ ቁጥር ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ጀማሪዎቹ ግን ያላለቀ ሥራቸውን ለእሷ ለማሳየት ያመነታሉ።»

አሮጌው ተርጓሚ

አሁን ሙሉ ሆነ። ጥርጣሬ የለኝም የምትል አለቃ እየወቀሰችሽ አይደለም። ቃሉ ሙገሳ ነው፣ በዚህ አልመለስም። ነገር ግን ፍርሃቱን ገና አልጣለውም ያልኩሽን አስታውሺ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አድናቆቱ ይሰማል። በሦስተኛው ላይ ፍርሃቱ ብቅ ይላል። ቃሉን የመረጠችው ሁለቱንም እንዲሸከምላት ይመስለኛል። ጎበዝ ብቻ ብትልሽ ኖሮ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ድንገት ከሰማይ የወረደ ይሆን ነበር።

ብተረጉመው እንዲህ ነው፦ «አንቱ የተባለች ተንታኝ ናት። በእሷ እጅ ያለፈ ቁጥር አያጠራጥረኝም። ጀማሪዎቹ ግን ይፈሯታል።» ለተንታኝነትሽ ይቅርታ አትጠይቂ። ስለ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ጠይቂያት።

ቀጥተኛዋ

ጋሼ እንዳሉት። እኔ ደግሞ የምጨምረው፣ ሐሙስን ሳትጠብቂ ለጀማሪዎቹ ራስሽ ጻፊላቸው። እኔ ያኔ የጠበቅሁት እነሱ እንዲመጡ ነበር። አልመጡም።

ሁለት ቋንቋ

መልስሽ ላይ ቃሉን መልሰሽ መጠቀም ከፈለግሽ፣ ስለ ራስሽ አትበዪው። በእንግሊዝኛ ሰው ራሱን ፎርሚደብል ሲል ለጆሮ ይከብዳል፤ ሌላው ነው የሚሰጥሽ። ስለ ቡድኑ ወይም ስለ ቀጣዩ ዓመት ሥራ ብትዪው ግን ያምራል።

ቁጥር ወዳዷ

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለአለቃዬ ትናንት ማታ ጻፍኩላት። ስለ ተናገረችው አመሰገንኳት፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም። ጀማሪዎቹ የሚያመነቱት ምን ሲሆን እንደሆነ ምሳሌ እንድትሰጠኝ ጠየቅሁ። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን ፎርሚደብል እንደሆነም ጻፍኩ፤ ጉልበቱን «ፎር» ላይ አድርጌ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ካነበብኩት በኋላ።

ከዚያ ለሁለቱ ጀማሪዎች፣ ያላለቀ ሥራ ካላቸው እንዳለ እንዲልኩልኝ፣ እኔም የራሴን ያላለቀ እንደምልክላቸው ጻፍኩ። የእኔን ቀድሜ አያያዝኩት።

አንዷ ዛሬ ጠዋት የኤክሴል ፋይሏን ላከችልኝ። አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቀመሩ ተሰብሯል፤ የት እንደተሰበረ ራሷ በቢጫ ቀለም አመልክታዋለች። አሁን ስልክ ላይ ሆነን አብረን እያየነው ነው፤ ሌላውን በኋላ እጽፍላችኋለሁ።